ያዘመመው ግድግዳ

በዚያ አዳራሽ ውስጥ የክር ጥቅል ከእጅ ካመለጠ ማረፊያው አንድ ነው፤ እየተንከባለለ መድረኩ ሥር ሄዶ ይቆማል። ወለሉ ከበሩ ጀምሮ ወደ ፊት ያዘቀዝቅ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ የጠረጴዛቸውን እግር በታጠፈ ካርቶን አስተካክለው፣ መቀሱንም ክሩንም በክርናቸው ከልለው ነው የሚሠሩት። እንደዚያም ሆኖ በቀን አሥርና አሥራ አምስት ጥቅል ያመልጣል። እኔ ክሩን ለመቅደም እሮጣለሁ፤ አንድም ቀን ቀድሜው አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እናቴ ከቢሮ እስክትወጣ የምቆየው እዚያ፣ እታለም ዘንድ ነው። እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ግን ከእናቴ ጀምሮ እስከ በረኛው ድረስ ሁሉም እታለም ይላታል። አርባ ልብስ ሰፊ ሴቶችን ሰብስባ ማኅበር ያቋቋመችው እሷ ናት። አዳራሹንም ከከተማው ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠንታ፣ ለምና፣ ሲያስፈልግም ጮኻ ያስፈቀደችው እሷው ናት። ድምፀ ወፍራም ናት። አርባ የስፌት መኪና ባንዴ ሲንደቀደቅ የእሷ "እጅጌውን አታጥብቢው አልኩሽ!" ከሁሉም በላይ ይሰማል።

አዳራሹ ትልቅ ነው። ስምንት ግዙፍ የጎበጡ እንጨቶች ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ተነስተው አናቱ ላይ ይገናኛሉ፤ ከጠረጴዛ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሳያቸው የተደፋ ቅርጫት ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆኑ ብርሃን ያስገባሉ እንጂ ውጭውን አያሳዩም። ከበሩ በላይ መጽሐፍ የምታህል አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለች፤ አለቆች ሴቶቹን ተደብቀው የሚያዩባት ናት ብዬ አምን ነበር። ዙሪያውን ደግሞ ከአረንጓዴው ቀለም ሥር ቁጥር ይታያል፤ ከአንድ እስከ ስልሳ። የልጆች ተራ መጠበቂያ መስሎኝ አሥራ ሰባትን የራሴ አደረግኳት። ምሳዬን የምበላው እሷ ሥር ተቀምጬ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከወለሉ የሚነሳውን ሽታ ግን የበረኛው ጫማ ነው እል ነበር፤ ለሴቶቹም ነግሬያቸው በሳቅ ሊሞቱ ደርሰዋል።

አንዱም ልክ አልነበረም። አዳራሹን ያሠራው ቆዳ ነጋዴ ነው። ጥሬ ቆዳ እዚያ እየተከመረ በጨረታ ስለሚሸጥ ሽታው ጣውላው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ነጋዴው ከስሮ ከሄደ በኋላ ወረርሽኝ ገባና አዳራሹ የሕመምተኛ ማቆያ ሆነ፤ ቁጥሮቹ የአልጋ ቁጥሮች ናቸው። ዳቦዬን በምገምጥበት አሥራ ሰባት ቁጥር ሥር ስንት ሰው እንዳሸለበ የነገረኝ የለም። ቀጥሎ ሲኒማ ቤት ሆነ። ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው እንዲታይ ወለሉን በበሩ በኩል ከፍ አደረጉት፤ ፊልሙንም በዚያች ቀዳዳ በኩል ለቀቁት። ከዚያ የስብሰባ ቦታ፣ ከዚያ ደግሞ የእታለም ስፌት ቤት። አንዱ ሲወጣ ለሚቀጥለው አጽድቶ የሄደ አልነበረም።

እኔ በትክክል ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ከላይ ግድግዳውን ነክቶ ከታች ይርቀዋል። እጄን በመሀሉ እያሳለፍኩ እጫወት ነበር። ግድግዳው ከላይ ወደ ውስጥ አዝምሞ ነው።

ያንን ግድግዳ በዓመት አንድ ጊዜ የምትለካው እናቴ ነበረች። የከተማው ጽሕፈት ቤት የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሰፊዎቹም "ለኪዋ" ይሏታል። ደንቡ አጭር ነው። ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ያዘመመ ግድግዳ ያለው ሕንፃ ውስጥ ሰው መሰብሰብ አይችልም። በእናቴ መዝገብ ላይ ሦስት ዓመት ተከታትሎ የተጻፈው ስምንት ነው።

የዚያ ዓመት መለኪያ ቀን ሳምንት ሲቀረው እናትና አባቴ ወጥ ቤት ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከሥራ ሲገባ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። እኔ በሩ አጠገብ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

"ዘንድሮስ እንዴት ልታደርጊ ነው?" አላት።

"እንዴት አደርጋለሁ? ዘንድሮም ዓይኔን ጨፍኜ ልፈርም ነዋ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይንሽን ጨፍነሽ! አንድ ቀን ይደረስብሻል። አዲሱ ኃላፊ እንደ ድሮው አይደለም አሉ፤ ሁሉን ነገር ራሴ ካላየሁ የሚል ነው።"

"ቀስ በል፣ ልጅቷ ትሰማለች።"

"ትስማ! ከሥራ ስትባረሪ ያን ጊዜ መስማቷ ይቀራል?"

ልጅቷ ሰማች። እርሳሴን አስቀምጬ ነገሩን አሰላሰልኩት። እናቴ ዓይኗን ታማለች። ሦስት ዓመት ደብቃኛለች። አሁን አዲሱ ኃላፊ ካወቀባት ትባረራለች። ማስረጃም አላጣሁም። ባለፈው ወር ክር በመርፌ አስገቢልኝ ብላኛለች። አውቶቡስ ስንጠብቅ ቁጥሩን ሳታይ አንዱን አሳልፋለች። ያን ቀን እራት ላይ ሳህኗን ወደ እጇ አስጠጋሁላት።

እናቴ ዛሬ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያለ መነፅር ታነባለች። ዓይኗን አንድም ቀን አሟት አያውቅም። መርፌውን የሰጠችኝ ክር ማስገባት ስለምወድ ነበር። "ዓይን መጨፈን" ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ሳምንት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አንጀቴ እንዳረረ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ማን ይንገረኝ? ማንንስ ጠየቅኩ?

ሳምንቱን ሙሉ እናቴን ስመራት ሰነበትኩ። መንገድ ላይ የሱቅ ስም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ደረጃ ስንደርስ "እማዬ፣ ደረጃ አለ" እላለሁ። "ሰባት ቁጥር አውቶቡስ መጣ፣ ሰባት ነው፣ አንድ አይደለም።"

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?" አለችኝ በሦስተኛው ቀን፤ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰች። "ትኩሳት አለሽ እንዴ?"

"ምንም" አልኳት። አንድ ነገር መደበቅ እኔም እንደምችል ላሳያት ፈለግኩ።

የመለኪያው ቀን ሦስት ሆነው መጡ፤ እናቴ፣ መሰላል ተሸካሚውና አዲሱ ኃላፊ። መሰላል ተሸካሚው በጣም ረጅም ሰው ነው፤ "መሰላሉ ለምን ያስፈልግሃል?" እያሉ ሴቶቹ ይቀልዱበታል። ኃላፊው እኔ እንዳሰብኩት የሚያስፈራ አልነበረም። ዝግ ብሎ የሚናገር፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚራመድ፣ ለሁሉም ሰው "እንደምን ዋላችሁ" የሚል ሰው ነው። ቡናማ ጫማው በጣም ያበራል። ጣሪያውን እያየ "የሚያምር ሥራ ነው፤ የሚያምር ሥራ ነው" አለ ሁለት ጊዜ።

መኪና ሲሠራ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ ለመለካት አያመችም። ስለዚህ እታለም አጨበጨበችና ሴቶቹን በሙሉ ወደ ግቢ አስወጣቻቸው፤ እሷም አብራ ወጣች። እኔ ግን አሥራ ሰባት ቁጥር ሥር ተቀምጬ ቀረሁ። እናቴ አየችኝ። ምነው "ውጪ" ባለችኝ! አላለችኝም። ምናልባት የራሷ ጭንቀት በዝቶባት ይሆናል።

መሰላል ተሸካሚው ወጥቶ ከጣሪያው እንጨት ሥር ካለው ምስማር ላይ ቱንቢውን አንጠለጠለው። ቱንቢ ማለት በገመድ ጫፍ ላይ ያለች ሾጣጣ ብረት ናት። ትንሽ ተወዛወዘች፣ ቀስ ቀስ አለች፣ ቆመች። አዳራሹ ባዶ ሲሆን እንዲህ ጸጥ እንደሚል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። የኃላፊው ጫማ ሲንቋቋ ድምፁ ዞሮ ይመለሳል። እናቴ ተንበርክካ ማስመሪያውን ከገመዱ እስከ ግድግዳው ድረስ አጋደመች። ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

"ስምንት" አለች።

"ስምንት?" አለ ኃላፊው፣ ከወዲያ ማዶ መስኮቱን እያየ።

"ስምንት።"

እኔ ደግሞ ማስመሪያ ማንበብ ከተማርን ሁለት ሳምንታችን ነው። ክፍል ውስጥ አንደኛ ነበርኩ። ከጀርባዋ ቆሜ ሳይ ገመዱ ያረፈው አሥራ አንድ ላይ ነው። ኃላፊው ያው ዞሮ እየመጣ ነው፤ ቢያይ ዓይኗን እንዳመማት ያውቃል፤ ካወቀ ያባርራታል። ቀድማ ራሷ ብታርመው ግን ማን ያውቅባታል? ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

"እማዬ፣ አሥራ አንድ ነው" አልኳት በሹክሹክታ። ጣቴንም ማስመሪያው ላይ አኖርኩላት። "ስምንት እኮ እዚህ ጋ ነው።"

ባዶ አዳራሽ ሹክሹክታ አይችልም። ቃሌ ጣሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

"ምን አለች?" አለ ኃላፊው።

እኔ መለስኩ። "አሥራ አንድ ነው። እማዬ ሳታይ ቀርታ ነው፤ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም" አልኩ። ብርሃኑን የጨመርኩት ለእሷ ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት የለም።

ኃላፊው የሱሪውን ጉልበት ሳብ አድርጎ ቁጢጥ አለ። ማስመሪያውን አየ። ገመዱን አየ። ከዚያ እናቴን አየ፤ ረዘም ላለ ጊዜ አያት። መሰላል ተሸካሚው ላይ ሆኖ ሲስል ይሰማል።

"አሥራ አንድ ነው" አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ። "ይጻፉት።"

እናቴ ጻፈች። ጆሮዋ እስከ ጫፉ ድረስ ቀልቶ ነበር። ኃላፊው ሲነሳ ፀጉሬን ዳበስ አደረገና "ጎበዝ" አለኝ። አናቴ ላይ ያረፈችው መዳፍ እስከ ዛሬ ትፋጀኛለች ብል አላጋነንኩም።

ግቢ ስንወጣ እታለም እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች።

"ስንት ሆነ?"

"አሥራ አንድ" አለች እናቴ።

"ማን ነው አሥራ አንድ ያለው?"

እናቴ የኔን እጅ ይዛ ነበር፤ ያን ጊዜ ጣቶቼን እስኪያሙኝ ጨበጠቻቸው። "እኔ" አለች። "እኔ ነኝ የለካሁት፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

እናቴ ሥራዋን ሳታጣ በመቅረቷ ደስ ብሎኝ፣ እስከ ቤት እየዘለልኩ ሄድኩ። ኃላፊው ሪፖርት እንዳላደረገባት፣ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መዝገብ ቤት አዛውሯት ጡረታ እስክትወጣ እዚያው እንደቀረች የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ያኔ ያየሁት ቢሮ መቀየሯን ብቻ ነው። አዲሱ ቢሮዋ ምንጣፍ ስለነበረው የተሾመች መስሎኝ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። "ለሰው መሰብሰቢያ የማይሆን ሕንፃ" ይላል። አርባዎቹ መኪኖች አንድ ባንድ ወጥተው ግቢው ውስጥ ተደረደሩ። ሴቶቹ ላስቲክ ሲያለብሷቸው አየሁ። ሰፋ ወዳለ ቦታ እየሄዱ ነው ብዬ ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባኝም ነበር። አልሄዱም። ሰፋ ያለ ቦታ የሚባል ነገር አልነበረም። ግማሹ መኪናውን ሸጠ፣ ግማሹ ቤቱ ወስዶ የጎረቤት ሱሪ ማሳጠር ጀመረ። እታለም አንድ መኪና ይዛ የአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ገባች፤ እዚያ ሃያ ዓመት ሰፋች።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቤታችን መጣች። አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ቀስሬያለሁ፤ መቅሰርም አላስፈለገኝም፣ ድምፅዋ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል።

"በገዛ እጅሽ! በገዛ እጅሽ ዘጋሽብኝ!"

"እታለም፣ ቁጭ በይ" ትላለች እናቴ።

"አልቀመጥም! አርባ ሴት አይታይሽም? እኔስ አልታይሽም? ዓመት ሁሉ ስምንት የነበረ ዘንድሮ አሥራ አንድ ሆነ? ቢሆንስ! አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለእህትሽ ብለሽ ዓይንሽን ብትጨፍኚ ምን ትሆኚ ነበር?"

እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። እታለምም አውቃለች ማለት ነው! እማዬ ዓይኗ ታሞ አዳራሹን በደንብ ሳታይ ቀርታ፣ እታለም በዚያ ተቆጥታ! መፍትሔው ደግሞ ከአባቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጋዜጣ የሚያነብበትን መነፅር ከነማኅደሩ አወጣሁና ሳሎን ገባሁ። በሁለት እጄ ለእናቴ ዘረጋሁላት።

"እንኪ እማዬ" አልኳት። "አሁን ይታይሻል።"

እናቴ መነፅሩን አየች፣ እኔን አየች፤ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር። አሁን ሳስበው በዚያች ደቂቃ ሁሉንም ልትነግራት ነበር። ግን እጄ እንደተዘረጋ ነው፤ ፊቴም በኩራት ሳያበራ አልቀረም። አፏን መልሳ ገጠመችው።

እታለም ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው። "ልጅሽንም እንድታሾፍብኝ አሠለጠንሽልኝ?" አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። "እሺ። ይበቃኛል።" ሻርፗን አንስታ ወጣች። በሩን እንኳን አላጋጨችውም፤ ክፍቱን ትታው ሄደች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት። በአንድ ከተማ፣ በአንድ የአውቶቡስ መስመር ላይ እየኖሩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንዷ የሌላዋን ደፍ አልረገጠችም። በሰርግ ቢገናኙ አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። አባቴ ሲሞት እታለም ለቅሶው ድንኳን መጥታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠችና ማንንም ሳታናግር ሄደች። እኔ ግን እሷ ዘንድ እመላለስ ነበር፤ እናቴ ከልክላኝ አታውቅም፤ "ደህና ናት?" ብላ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።

አዳራሹስ? በወሩ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ፤ ሲሚንቶ ከሰው አይቆጠርም። ከዚያ የቤት ዕቃ መሸጫ ሆነ። አሁን ደግሞ የሰርግ አዳራሽ ነው። ባለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ እዚያ ተዳረች። አምስት መቶ ሰው ነበር። ግድግዳውን የነካው የለም፤ ነጭ ጨርቅ ጋርደውበት፣ መብራት ሰቅለውበት፣ የሙሽሮቹን መቀመጫ እዚያው ሥር አድርገውታል። ደንቡ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ወይስ ሌላ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንደሆነ የማጣራበት ቦታ አጣሁ። ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስጠይቅ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ላኩኝ፤ መጨረሻ ላይ የደረስኩበት መስኮት ዝግ ነበር።

ለዚያ ሰርግ የምለብሰውን ቀሚስ ያጠበበችልኝ እታለም ናት። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን የምትሰፋው ቤቷ ሆና ነው። የት ነው ሰርጉ ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኳት።

"እናትሽ የዘጋችው አዳራሽ" አለች መርፌውን በጥርሷ እንደያዘች። "ማንም ሳያስገድዳት። 'እኔ ነኝ የለካሁት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት' አለችኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች።"

ቀሚሱ በግማሽ ጎኑ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ደርቄ ቀረሁ። "ዓይን መጨፈን" የሚለው ነገር ከገባኝ ቆይቷል፤ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አንድ ቀን ዝም ብሎ ገባኝና ሌሊቱን አልተኛሁም። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አውቅ ነበር። ያላወቅኩት እናቴ ከዚያ ቀን በኋላም እኔን ሳትጠቅስ መቅረቷን ነው። እታለም ሁሉንም አውቃ የተኳረፉ ነበር የሚመስለኝ።

በቀጥታ ወደ እናቴ ሄድኩ።

"ለምን አልነገርሻትም?"

"ምኑን?" አለች እናቴ፤ ድንች እየላጠች ነው።

"እኔ መናገሬን።"

"በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላሳብብ?"

"በኋላስ? ካደግኩ በኋላ?"

"በኋላማ አለፈ።"

"እማዬ፣ አላለፈም! ሃያ ዘጠኝ ዓመት!"

ልጣጩን ወደ ሳህኑ ጣለች። "ለመሆኑ እኔስ ስምንት ብዬ ለምን ጻፍኩ መሰለሽ? ለእሷ ብቻ ብዬ? በግሌ ደብተር ላይ የዓመቱን ልክ እይዝ ነበር። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ። ግድግዳው ሳንወለድ በፊት ነው አዝምሞ የቆመው፤ ከዚያ ወዲህ የፀጉር ያህል አልተንቀሳቀሰም። ደንቡ 'ስንት አዘመመ' ይላል እንጂ 'ይንቀሳቀሳል ወይ' ብሎ አይጠይቅም። ይህን ለማን ላስረዳ? ልክ ነበርኩ። ልክ ሆኜ ውሸታም ሆንኩ።" ከዚያ ቢላዋዋን ወደኔ ቀሰረች። "ለእታለም አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። አንዴ አፍሽን ከፍተሽ ያየነው ይበቃል።"

በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የወቀሰችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ። ግን አልሰማኋትም። አንድ ሳምንት ምላሴን ነክሼ ቆየሁ፤ ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት እታለም ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዓይኗን ታማለች ብዬ እንደነበር፣ መነፅሩን ለምን እንዳመጣሁ፣ ሦስቱን ዓመት፣ ደብተሩን። እንባዬ እየወረደ ነው የምናገረው። ስጨርስ እቅፍ የምታደርገኝ፣ "ምስኪን እህቴን!" የምትል መስሎኝ ነበር።

እታለም መኪናዋን አቆመች።

"ሦስት ዓመት?" አለች።

"አዎ፣ ሦስት ዓመት ለእናንተ ብላ..."

"ሦስት ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ መሆኑን እያወቀች፣ አርባ ሴት እዚያ ግድግዳ ሥር ስታስቀምጥ ዝም አለችኝ?"

"እታለም፣ ግድግዳው እኮ አይንቀሳቀስም ነበር..."

"ሻርፔን አቀብዪኝ።"

አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። የእናቴን ቤት አራት ፎቅ በእግሯ ወጣች፤ እኔ ከኋላ "ቀስ በይ፣ ልብሽ" እያልኩ። ደጋግማ አንኳኳች። እናቴ ስትከፍት ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ድንጋጤ ይሁን ደስታ ለመለየት ጊዜ አላገኘሁም።

"ልትነግሪኝ አይገባም ነበር?" አለች እታለም ገና ደፉ ላይ ሆና።

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች። ያ እይታ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። "ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?" አለቻት።

"መኪኖቹን ወደ ደቡብ ግድግዳ አስጠጋቸው ነበር! ሰሜኑን ባዶ እተወዋለሁ!"

"አርባ መኪና በግማሽ አዳራሽ?"

"በሁለት ፈረቃ! ሃያ ጠዋት፣ ሃያ ከሰዓት! ማን ጠየቀኝ? ብቻሽን ለክተሽ፣ ብቻሽን ወስነሽ፣ ብቻሽን ዋሽተሽ!"

"'ዓይንሽን ብትጨፍኚ ምን ትሆኛለሽ' ያለው ማን ነው? ሳሎኔ ድረስ መጥተሽ!"

"ስምንት መስሎኝ ነዋ! ስምንቱ ዘንድሮ ትንሽ ቢያልፍ ምናለ ብዬ ነዋ! የሰው ነፍስ መሆኑን መች ነገርሽኝ?"

"ነፍስ አልነበረም! ቆሞ ነበር! ዛሬም ቆሟል፣ ሄደሽ እዪው!"

መሀላቸው ገባሁ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። ሃያ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። "እኔ ዝም ብል ኖሮ..."

"አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ዞር በይ" አለችኝ እታለም ሳታየኝ፣ በክርኗ ገፋ አድርጋኝ። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን የተሸከምኩት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ፤ ይቅርታም አልነበረም፣ ወቀሳም አልነበረም። ቆሽቴ ደበነ። ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ። እነሱ ስለ መኪኖቹ አደራደር፣ ስለ በሩ ስፋት፣ ስለ አንዲት የሞተች ሰፊ፣ ስለ አባቴ ቀብር ከአንድ ሰዓት በላይ ተጯጯሁ። በመጨረሻ እታለም በሩን በኃይል አላትማ ወጣች። የጎረቤት ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

"ደስ አለሽ?" አለችኝ እናቴ።

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ቃል ተናግሬ አለያየኋቸው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ሺህ ቃል ተናግሬ አባስኩት። ያን ሳምንት ለእናቴ ስልክ ስደውልላት "ራሴን አሞኛል" እያለች ትዘጋብኛለች። እታለም ደግሞ ጭራሽ አታነሳም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ሄጄ ሁለታችንም ተኮራርፈን ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እታለም ናት፤ የደረጃውን እጀታ እንደያዘች ቁና ቁና ትተነፍሳለች። እኔን ሰላም አላለችኝም። በትከሻዬ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች።

"ያን ዕለት አልጨረስኩም" አለች።

እናቴ ከወንበሯ አልተነሳችም።

"እኔም አልጨረስኩም" አለቻት። "ግቢና በሩን ዝጊ፤ ብርድ ይገባል።"